የ«ጉድ ታይምስ» ቤዝ፦ ከዲስኮ ተርፎ ራፕን ያስጀመረው ምት የማን ነው?

ይህን ዘፈን በስሙ ላታውቁት ትችላላችሁ። ቤዙን ግን ሰምታችሁታል። ሦስት ወፍራም ምት፣ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣ የጣት ጨዋታ። አንዳንዱ ሰው «የመጀመሪያው የራፕ ዘፈን አይደል?» ይላል። ሌላው የእንግሊዞቹ የሮክ ባንድ የክዊን ሥራ ይመስለዋል። ምንጩ ግን ሺክ የተባለው የኒውዮርክ ባንድ በ1979 ያወጣው «ጉድ ታይምስ» ነው። (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዘፈኑ ተወዳጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር፤ ከፍቶ መስማት ይበቃል። ነገሩን የሚያወሳስበው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱ ባንድ መልሶ ተጫወተው፣ ሌላው የሚመስለውን ሠራ፣ አንድ ዲጄ ደግሞ ከራሱ ከሸክላው ላይ ቆረጠው። «ዜማዬ ተሰረቀ» የሚል ክርክር እኛም አገር በየጊዜው ይነሳል። ስንከራከር ግን ዜማውን፣ ምቱንና ቅጂውን እንደባልቃቸዋለን። የዚህ ዘፈን ታሪክ ሦስቱን ለመለየት ይመቻል።

ማን ሠራው?

ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ናይል ሮጀርስ ጊታር ይጫወታል፣ በርናርድ ኤድዋርድስ ቤዝ ጊታር። ሁለቱም የ1952 ልጆች ናቸው። ሮጀርስ ኒውዮርክ ተወልዶ ያደገ ነው። በወጣትነቱ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል ነበር። በኋላ ሐርለም በሚገኘው አፖሎ ቲያትር የመጡትን ዘፋኞች ሁሉ በሚያጅበው ባንድ ውስጥ ሠርቷል። ኤድዋርድስ ከሰሜን ካሮላይና የመጣ ነው። ሁለቱ ለዓመታት በየክለቡ ሌሎችን ሲያጅቡ ቆይተው ሺክን አቋቋሙ። ከበሮውን ቶኒ ቶምፕሰን ያዘ። ከድምፃውያኑ መካከል አልፋ አንደርሰንና ሉሲ ማርቲን ነበሩ።

ሺኮች መድረክ ላይ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሽክ ብለው ነበር የሚወጡት። አለባበስ ግን ሁልጊዜ በር አያስከፍትም። በ1977 የአዲስ ዓመት ዋዜማ ዘፋኟ ግሬስ ጆንስ ስቱዲዮ 54 ጋበዘቻቸው። ስቱዲዮ 54 በዚያ ዘመን የኒውዮርክ ዝነኛ የጭፈራ ቤት ነው። በረኛው አላስገባም አላቸው። ተናደው ወደ ሮጀርስ ቤት ሄዱና በረኛውን እየሰደቡ መሣሪያ መጫወት ጀመሩ። ስድቡ ሬዲዮ ላይ ሊተላለፍ የማይችል ዓይነት ነበር። ለስለስ ሲያደርጉት «ለ ፍሪክ» የተሰኘው ዘፈን ወጣው፤ በ1978 መጨረሻ የአሜሪካ ቁጥር አንድ ሆነ። ከበረኛው ይልቅ እነሱ ተጠቀሙ ማለት ነው።

ከዚያ ሲስተር ስሌጅ ለተባሉት እህትማማቾች «ዊ አር ፋሚሊ»ን ሠሩላቸው። እሱም ተወደደ። «ጉድ ታይምስ» የመጣው እንግዲህ ሰዎቹ የነኩት ሁሉ በሚሞቅበት ሰዓት ነው። የተቀዳው ማንሃተን ውስጥ ፓወር ስቴሽን በሚባል ስቱዲዮ ነው። ሕንጻው ቀድሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነበርና ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ነጠላ ዜማው በጁን 1979 ወጣ። ወዲያው «ሪስኬ» የተሰኘው አልበም ተከተለ።

ሶል ነው ወይስ ዲስኮ?

ሁለቱንም ነው። ሶል ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ከሪትም ኤንድ ብሉዝ የተወለደ ሙዚቃ ነው። በሶል ትልቁን ሥራ የሚሠራው ድምፅ ነው። ዘፋኙ ያለቅሳል፣ ይለምናል፣ ይጮኻል። ዲስኮ የዚሁ የሶል ልጅ ነው፤ ለጭፈራ ወለል ተብሎ የተሠራ። የእግር ከበሮው በእያንዳንዱ ምት ላይ ይወርዳል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አይቆምም። ቫዮሊኖች ከላይ ይንሳፈፋሉ። ዘፈኑም ይረዝማል፤ ምክንያቱም የሚጨፍር ሰው ሦስት ደቂቃ አይበቃውም።

ዲስኮ መጀመሪያ የሞቀው በኒውዮርክ ጥቁሮች፣ ላቲኖችና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በሚያዘወትሯቸው ክለቦች ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ቆይቶ ያስፈልገናል።

«ጉድ ታይምስ» በሶል ሰንጠረዥ ላይ 6 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ ሆት 100፣ አንደኛ የሆነው ግን ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ በኦገስት 18 ቀን 1979። ቦታውን ከዶና ሰመር ተቀብሎ ዘ ናክ ለተባለው የሮክ ባንድ አስረከበ። እንግዲህ በቁጥር ካየነው ከሺክ ዘፈኖች እንኳ ትልቁ አይደለም። «ለ ፍሪክ» ይበልጠዋል።

ታዲያ ቤዙ ምን የተለየ ነገር አለው?

ብዙ ጊዜ ቤዝ ጊታርን የምናስተውለው ሲጠፋ ነው። ካለ ዘፈኑ ሙሉ ይመስላል፣ ከሌለ የሆነ ነገር ይጎድለናል፤ ምን እንደጎደለ ግን አናውቅም። ኤድዋርድስ ይህን ገለበጠው። በ«ጉድ ታይምስ» ውስጥ የሚንጎራጎረው ቤዙ ነው። ዘፈኑን የሰማ ሰው ግጥሙን ቢረሳ ቤዙን በአፉ ሊጫወተው ይችላል።

ዘፈኑ የቆመው በሁለት ኮርዶች (አንድ ላይ በሚመቱ የኖታ ስብስቦች) ላይ ነው። ከኢ ማይነር ወደ ኤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ሌላ የለም። ኮርዱ ስለማይንቀሳቀስ የመንቀሳቀሱን ሥራ ቤዙ ወሰደው። መጀመሪያ ዝቅ ባለው ኢ ላይ ሦስት ጊዜ ይመታል። እኩል እኩል፣ ሳይቸኩል። ከዚያ ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶው ቦታ የስንፍና አይደለም፤ ሰውነት የሚገባበት ነው። ትከሻችሁ የሚንቀሳቀሰው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ ቤዙ በተሰባበረ ምት ወደ ላይ ይወጣና ኤ ላይ ሲደርስ ይጫወትበታል።

የሮጀርስ ጊታር ደግሞ ከበሮ ሊባል ምንም አይቀረው። ቀኝ እጁ ሳያቋርጥ ይሮጣል፣ ግራ እጁ ግን ክሮቹን ግማሽ ይዞ ግማሽ ይለቃል። ስለዚህ ከአስር ምት ሁለት ሦስቱ ብቻ ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ የተቀረው ጭር ጭር ይላል። ቶምፕሰን ከበሮው ላይ አይራቀቅም፤ ቤቱን ይዞ ይቀመጣል። ማንም ማንንም አይረግጥም። የሙዚቀኛ ጨዋነት የሚባል ነገር ካለ ይህ ነው እላለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው ግን በሌላ ክፍል ላይ ነው። ረጅሙ ቅጂ 8 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። መሃል ላይ ዘፋኞቹ ዝም ይላሉ፣ ቫዮሊኑ ይወጣል፣ ጊታሩ ይወጣል። ቤዝ፣ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ይቀራሉ። ቆይቶ የወጡት መሣሪያዎች አንድ በአንድ ተመልሰው ይገባሉ። ዲጄዎች ይህን ዓይነቱን ክፍል «ብሬክ» ይሉታል። ለጨፋሪው ትንፋሽ መውሰጃ ነው። ማይክ ለያዘ ሰው ደግሞ ክፍት መድረክ ነው።

ግጥሙ የጥጋብ ዘፈን አይደል እንዴ?

ላይ ላዩን አዎ። ጥሩ ዘመን ነው፣ እንጨፍር፣ ችግራችንን እንርሳ ይላል። ስለ ባሕር ምግብና ስለ ሮለር ስኬት ያወራል። ብዙ ተቺዎች በጊዜው «አገር ሲቃጠል እነዚህ ይጨፍራሉ» ብለው አለፉት።

ዘመኑን ግን እንየው። በ1979 የአሜሪካ የዋጋ ንረት ከ11 በመቶ በላይ ነበር። የኢራን አብዮት የነዳጅ ገበያውን አናግቶት ሰዎች ማደያ ላይ ሰልፍ ይውላሉ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በጁላይ 15 በቴሌቪዥን ቀርበው አገሪቱ የመተማመን ቀውስ ውስጥ ገብታለች ብለው ተናገሩ። ያኔ «ጉድ ታይምስ» ከሬዲዮ አይወርድም ነበር።

ሮጀርስና ኤድዋርድስ ሆን ብለው ነው ያደረጉት። ግጥሙ ውስጥ በ1929 ከተደረሰ አንድ የቆየ ዘፈን አባባል ወስደው አስገብተዋል። ያ ዘፈን «የደስታ ቀን ተመልሶ መጣ» የሚል ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1932 ሲወዳደሩ የምርጫ ዘፈናቸው አድርገውት ነበር። 1932 ማለት አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ የነበረችበት፣ ሥራ አጥነት የተንሰራፋበት ዓመት ነው። የድሮውን የሚያውቅ አሜሪካዊ ጆሮ «ደስታ መጣ» የሚለውን ሲሰማ የሚያስታውሰው ረሃብን ነው። ሮጀርስ በየዘፈናቸው የተደበቀ ጥልቅ ትርጉም መኖር አለበት የሚል ደንብ እንደነበራቸው ደጋግሞ ተናግሯል። ሰሙ ጭፈራ፣ ወርቁ ኑሮ ውድነት። የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አያስፈልገውም።

ዲስኮ ለምን ያን ያህል ተጠላ?

ጁላይ 12 ቀን 1979፣ ቺካጎ። ስቲቭ ዳል የሚባል የሮክ ሬዲዮ ጣቢያ አቅራቢ ዲስኮን የማጥፋት ዘመቻ ጀምሮ ነበር። የቤዝቦል ቡድኑ ዋይት ሶክስ ከእሱ ጋር ተስማማ። የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው በ98 ሳንቲም ይገባል ተባለ። በዚያ ቀን ከዲትሮይት ጋር ሁለት ጨዋታ ነበር። በሁለቱ መካከል ሸክላዎቹ በሜዳው መሃል በፈንጂ እንዲወድሙ ነው ዕቅዱ። ወደ 50 ሺህ ሰው መጣ። ፈንጂው ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሜዳውን ወረሩት። ሣሩ ተቃጠለ፣ ፖሊስ ገባ፣ ሁለተኛው ጨዋታም ሳይካሄድ ቀረ። ለዲትሮይት በፎርፌ ተሰጠ።

ቀልድ ነው ያሉ አሉ። ዳልም እስከ ዛሬ ያለው ያንኑ ነው። ሮጀርስ ግን ናዚዎች መጽሐፍ ያቃጠሉበትን ነው ያስታወሰኝ ብሏል። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። ዲስኮ የማን ሙዚቃ እንደነበር ያወቀ ሰው እሳቱን እንደ ቀልድ ብቻ ሊያየው ይቸገራል። በዚያ ሌሊት የተቃጠለው ሁሉ ዲስኮም አልነበረም፤ ሰዎች የሶልና የሌሎች ጥቁር ዘፋኞችን ሸክላም ይዘው መምጣታቸውን እዚያ የነበሩ ይመሰክራሉ።

«ጉድ ታይምስ» አንደኛ የሆነው ከዚያ ምሽት አምስት ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሺክ በአሜሪካ እስከ 40ኛ የገባ ሌላ ዘፈን አላገኘም። ሬዲዮ ጣቢያዎች ዲስኮ የሚለውን ቃል ሸሹት። ባንዱ ተጠራጠረ፣ ተዳከመ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተበተነ። ቤዙ ግን ሌላ ሰፈር ሄዶ ነበር።

እንዴት ወደ ራፕ ገባ?

ሰፈሩ የኒውዮርኩ ብሮንክስ ነው። በኦገስት 11 ቀን 1973 ኩል ሄርክ የሚባል ከጃማይካ የመጣ ወጣት ዲጄ ሴጅዊክ ጎዳና ላይ ባለው የመኖሪያ ሕንጻ ለእህቱ ድግስ ሙዚቃ አጫወተ። ብዙዎች የሂፕሆፕን ልደት ከዚያ ይቆጥራሉ። ሄርክ ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው፦ ሕዝቡ የሚያብደው ዘፋኙ ዝም ሲልና ምቱ ብቻውን ሲቀር ነው። ችግሩ ያ ክፍል አጭር መሆኑ ነው። መፍትሔው ደግሞ የአንድ ዘፈን ሁለት ሸክላ ገዝቶ በሁለት ማጫወቻ ማስቀመጥ። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከመጀመሪያው ይለቃል። ብሬኩ ማለቂያ የለውም። በላዩ ላይ ማይክ የያዘ ሰው ግጥም ይደረድራል። ራፕ ማለት መጀመሪያ ይኸው ነበር።

በ1979 ክረምት «ጉድ ታይምስ» ሲወጣ ለእነዚህ ልጆች ከሰማይ የወረደ መና ነው። ብሬኩ ረጅም፣ ቤዙ ጥርት ያለ፣ ፍጥነቱም ለንግግር የሚመች። በየፓርኩና በየአዳራሹ በላዩ ላይ ራፕ ይደረግበት ጀመር። እስካሁን ግን ሁሉም በቃል ነው፤ በሸክላ ያወጣ የለም ማለት ይቻላል።

ሲልቪያ ሮቢንሰን ይህን አየች። ሮቢንሰን ራሷ የቆየች የሶል ዘፋኝ ናት፤ በኒው ጀርሲ ሹገር ሂል የሚባል ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ነበራት። ሦስት ወጣቶች አሰባሰበች፦ ዎንደር ማይክ፣ ቢግ ባንክ ሃንክና ማስተር ጂ። ሃንክ ፒዛ ቤት ነበር የሚሠራው። ባንድ ተቀጥሮ የ«ጉድ ታይምስ»ን ምት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ ተጫወተ። ሦስቱ በላዩ ላይ ተቀባበሉ። «ራፐርስ ዲላይት» ተባለ። በሴፕቴምበር 1979 ወጣ። ረጅሙ ቅጂ ከ14 ደቂቃ በላይ ነው። በአሜሪካ 36ኛ፣ በእንግሊዝ 3ኛ ደረሰ። ራፕ የአሜሪካን ከፍተኛ 40 ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሮጀርስ የሰማው በአጋጣሚ ነው። እንደሚናገረው አንድ የኒውዮርክ ክለብ ውስጥ ቆሞ የራሱ ቤዝ ይመጣል። ከዚያ የማያውቀው ሰው በላዩ ላይ ያወራል። ዲጄውን ጠየቀው፤ ሐርለም የገዛው አዲስ ሸክላ እንደሆነ ነገረው። ሸክላው ላይ የሮጀርስም የኤድዋርድስም ስም የለም።

ይህ ስርቆት ነው? ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ መፈታታት ያለበት። አንድ ዘፈን ሲወጣ ሁለት የተለያዩ ንብረቶች ይፈጠራሉ። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ዜማው፣ ግጥሙ፣ መለያ የሆነው የሙዚቃ ሐሳብ። ይህ የደራሲው ነው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ በዚያ ቀን በዚያ ስቱዲዮ የተቀዳው ድምፅ ራሱ። ሙዚቀኞች «ማስተር» የሚሉት። ይህ ብዙ ጊዜ የአሳታሚው ድርጅት ነው፤ ለሺክ አትላንቲክ ሬከርድስ።

ጥለት አስቡ። አንድ ሸማኔ አዲስ ጥለት ፈጠረ እንበል። ሌላ ሸማኔ ያንኑ ጥለት አይቶ፣ በራሱ ክር፣ በራሱ መጠቀሚያ ቢሸምነው የወሰደው ንድፉን ነው። ሦስተኛው ሰው መጥቶ ከተሠራው ቀሚስ ላይ ጥለቱን በመቀስ ቆርጦ የራሱ ልብስ ላይ ቢሰፋው ንድፉንም ጨርቁንም ወስዷል። አራተኛው ደግሞ ጥለቱን አይቶ ወደደው፤ የሚመስል ግን የራሱ የሆነ ሌላ ጥለት ሠራ። ሦስቱ ድርጊቶች አንድ አይደሉም፤ ሕጉም አንድ አድርጎ አያያቸውም።

«ራፐርስ ዲላይት» ሁለተኛው ሸማኔ ነው። ከሺክ ሸክላ ላይ ቤዙን አልቆረጡም፤ መልሰው ነው የተጫወቱት። ስለዚህ የተነካው የደራሲዎቹ መብት ነው። ሮጀርስና ኤድዋርድስ እንከሳለን አሉ። ፍርድ ቤት ሳይደርስ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ስም በዘፈኑ ደራሲነት ሰፍሯል፤ ሮያሊቲው፣ ማለትም የደራሲ ድርሻ ክፍያውም፣ ይደርሳቸው ጀመር። ሮጀርስ በኋላ ራሱ ዘፈኑን ከምወዳቸው አንዱ ነው ማለት ጀምሯል። ገንዘቡ ሲገባ መውደድ ይቀላል፤ ቢሆንም አምነዋለሁ።

በዚህ ታሪክ በእኔ ግምት እስከ መጨረሻው የተበደለው ሰው ግን ሌላ ነው። ቢግ ባንክ ሃንክ ራፐር አልነበረም። ስቱዲዮ ሲጠራ ግጥም አልነበረውምና ከብሮንክሱ ግራንድማስተር ካዝ የግጥም ደብተር ተበደረ። የካዝን ግጥም ሳይለውጥ ተናገረው፤ የካዝን የመድረክ ስም፣ «ካሳኖቫ ፍላይ» የሚለውን፣ ፊደል በፊደል እየጠራ ጭምር። ራሱን በሌላ ሰው ስም አስተዋወቀ ማለት ነው። ካዝ በዘፈኑ ላይ ስሙም አልተጻፈ፣ ክፍያም አላገኘ። ሮጀርስና ኤድዋርድስ ዝነኞች ነበሩ፤ ጠበቃም ነበራቸው። የብሮንክሱ ልጅ ሁለቱም አልነበሩትም። ሕግ መኖሩና ሕጉን የሚያስከብርልህ ሰው መኖሩ ለየቅል ነው።

የክዊን ነገርስ?

እሱ አራተኛው ሸማኔ ነው። የክዊን ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከን ከሺኮች ጋር በስቱዲዮአቸው ጊዜ አሳልፎ ነበር። በ1980 «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት»ን ደረሰ። እሱም ኢ ላይ በሦስት ወፍራም ምት ይጀምራል። እሱም ባዶ ቦታ ይተዋል። ከዚያ በኋላ ግን የራሱን መንገድ ይሄዳል። ማይክል ጃክሰን ሰምቶት በነጠላ ዜማ አውጡት ብሎ መከራቸው፤ አወጡት። በኦክቶበር 1980 ለ3 ሳምንት የአሜሪካ ቁጥር አንድ ሆነ።

ክስ አልተመሠረተም። ኤድዋርድስን ያበሸቀው ዲከን ተመስጦ መሥራቱም አልነበረም፤ ያ ምንም አይደለም ብሏል። ያበሸቀው የጋዜጠኞቹ ነገር ነው። ሺክ የክዊንን ቤዝ ሰረቀ ብለው ጻፉ! «ጉድ ታይምስ» ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ የወጣ ነው። ጥቁር ሙዚቀኛ ፈጣሪ፣ ነጭ ሙዚቀኛ ተከታይ ሊሆን እንደሚችል አልታሰባቸውም ነው ቅሬታው።

ሸክላውን ራሱን የቆረጠውስ?

ግራንድማስተር ፍላሽ ነው። በ1981 «ዊልስ ኦፍ ስቲል» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ሥራ አወጣ። ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ባንድ የለም፣ ቤዝ ተጫዋች የለም። ማጫወቻዎችና የሌሎች ሰዎች ሸክላ ብቻ። «ጉድ ታይምስ» ይመጣል፣ ወደ ክዊን ይዘላል፣ ይመለሳል። አባትና ልጅ በአንድ ሸክላ ላይ ተገናኙ። ዲጄ እጁ ላይ ያለው ማጫወቻ የሙዚቃ መሣሪያ መሆኑን ለዓለም ያሳየው ይህ ቅጂ ነው።

ዛሬ ይህ ሥራ ሳምፕሊንግ ይባላል፤ ከሌላ ቅጂ ላይ ድምፅ ቆርጦ በአዲስ ሥራ ውስጥ ማስገባት። ያኔ አንድም ፍርድ ቤት ስለዚህ ነገር አልወሰነም። ውሳኔው የመጣው በ1991 ነው። ራፐሩ ቢዝ ማርኪ የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ያለ ፈቃድ ቆርጦ ተጠቀመ። የኒውዮርኩ ዳኛ ፍርዳቸውን የጀመሩት ከአሥርቱ ትእዛዛት ነው፦ «አትስረቅ»። አልበሙ ከገበያ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ሳምፕል ለማድረግ ሁለት ፈቃድ መለመን ግድ ሆነ፤ አንድ ከድርሰቱ ባለቤት፣ አንድ ከቅጂው ባለቤት።

ምት ብቻ ቢመሳሰልስ? ይህ እስከ ዛሬ ያልጠራ ነው። በ2015 «ብለርድ ላይንስ» የተባለው ዘፈን ደራሲዎች የማርቪን ጌይን የ1977 ዘፈን ወስደዋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ በመጨረሻ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍሉ ተደረገ። ብዙ ሙዚቀኞች «የተወሰደው ስሜቱ እንጂ ዜማው አይደለም» ብለው ደነገጡ። በ2023 ደግሞ ኤድ ሺራን የሌላ የማርቪን ጌይ ዘፈን ኮርድ ቀድተሃል ተብሎ ተከሶ ነፃ ወጣ። ክዊን በዛሬው ዘመን ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጠበቃ ሳያማክር የሚያወጣው አይመስለኝም።

ይህ ለእኛ ምን ያገባናል?

የኢትዮጵያም ሕግ እንዲሁ ይለያል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ለደራሲው የቅጅ መብት ይሰጣል፤ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ተዛማጅ መብት የሚባለውን። ስለዚህ የቆየ ዘፈን መልሶ የሚጫወት ወጣት «ሙዚቃውን እኔው ነኝ ያስቀረጽኩት» ቢል የጨረሰው ግማሹን ነው። ደራሲው ይቀራል። ከካሴቱ ላይ ቆርጦ ከሆነ ሁለቱም ይቀራሉ።

ነገሩ ወደ ውጭም ይሄዳል። ራፐሩ ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር»ን ሲያወጡ ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ሳምፕል አድርገው ነው። ያኔ በብሮንክስ የተጀመረው ሸክላ የመቁረጥ ጨዋታ አዲስ አበባ ደረሰ ማለት ነው።

ሰዎቹስ የት ደረሱ?

ዲስኮ ሞተ ሲባል ሮጀርስና ኤድዋርድስ ከመድረክ ወደ ኋላ ሄዱ። በ1980 ለዳያና ሮስ «አፕሳይድ ዳውን»ን ሠሩላት። ሮጀርስ በ1983 ከዴቪድ ቦዊ ጋር «ሌትስ ዳንስ»ን፣ በ1984 ከማዶና ጋር «ላይክ ኤ ቨርጂን»ን አዘጋጀ። የዲስኮ ሸክላ ሲቃጠል ያጨበጨበ ሰው በ1980ዎቹ ሬዲዮ ከፍቶ ሲጨፍር ያጫወቱት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። አላወቀም እንጂ። በ2013 ከዳፍት ፐንክ ጋር የወጣው «ጌት ለኪ»ም የሮጀርስ ጊታር ያለበት ነው፤ በቀጣዩ ዓመት የዓመቱ ምርጥ ቅጂ ተብሎ ግራሚ ወሰደ።

ኤድዋርድስ ይህን አላየም። በኤፕሪል 1996 ቶኪዮ ቡዶካን አዳራሽ ከሮጀርስ ጋር ተጫውቶ በማግሥቱ በሳንባ ምች አረፈ። 43 ዓመቱ ነበር። ሁለቱ በ2016 በደራሲያን የክብር መዝገብ ገብተዋል። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ግን ሺክን 11 ጊዜ አጭቶ 11 ጊዜ ሳይመርጠው ቀረ። በ2017 ሮጀርስን ብቻ ለይቶ ሸለመ። ሮጀርስ ደስ ብሎኛል፣ ግን ባንዱስ ብሎ ግራ መጋባቱን አልደበቀም።

ከየት ጀምሬ ልስማ?

መጀመሪያ «ጉድ ታይምስ»ን፤ የሬዲዮውን አጭሩን ሳይሆን የአልበሙን ረጅሙን ቅጂ። በስልክ ድምፅ ማውጫ አትስሙት፤ ቤዙ ይጠፋል። ማዳመጫ አድርጉ። ብሬኩ ሲመጣ ጭብጨባውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ተከተሉ። ቀጥሎ «ራፐርስ ዲላይት»። ሁለተኛው የሚናገረው ሃንክ ነው፤ የካዝን ስም ሲቆጥር ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ክዊን። የፍላሹን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ሌሎቹን ቀድማችሁ ካልሰማችሁ የቱ ከየት እንደተቆረጠ አይለይላችሁም።